እህልም ውኃም ሳንቀምስ

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆሜ አንዱን ወጣት ስቆጣው ነበር። የከመራቸው አሮጌ ጎማዎች የሰሞኑን ዝናብ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱን ጎንበስ ብዬ ባየው ውስጡ በትንኝ እጭ ይርመሰመሳል፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ከዚያ ለመተንፈስ ቀስ ብለው ይወጣሉ። "ይህን ውኃ ድፋው" አልኩት። "እትዬ፣ ቢቸና ደጋ እኮ ናት፤ እዚህ ምን ወባ አለ?" ብሎ ሳቀ። ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ምን ያህል ነገረኛ እንደምትሆን ልጁ አያውቅም። ጎማውን በእግሬ ገልብጬ ውኃውን ደፋሁትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ልጁ ያለው ስሕተት አይደለም። እነዚያ እጮች ነገ ክንፍ ቢያወጡ ከማሳከክና እንቅልፍ ከመንሳት ያለፈ ነገር ላያደርጉ ይችላሉ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ትንኝ ሰው የሚገድል ነገር በሆዷ ተሸክማ እሷ ምንም ሳትሆን መዞሯ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ጠመኔ የያዘው እጄ ለአፍታ ይቆም ነበር። ለምን እንደሚቆም የጠየቀኝ ተማሪ የለም፣ እኔም ተናግሬው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በጥር ወር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አዲስ ዲግሪ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቁ የለም? ሽሮ ሲንተከተክ እንኳ ለምን እንደሚንተከተክ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤቱን የምታስተዳድረው እናታችን ወይዘሮ የሻረግ ነበረች፤ እኔን ያስተማረችኝም መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ነው። ታናሽ ወንድሜ ልየው ግን ማትሪክ ሲወድቅ እርሻውንም ሥራ ፈትቶ መቀመጡንም ጠላና ጅቡቲ ወረደ። እዚያ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር።

ልየው የመጣው በጥምቀት ማግስት ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ በየአውድማው የቀረው ጭድ ነፋስ በተነሣ ቁጥር እየበረረ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ሠርግ የሌለበት ሰፈር ስለማይገኝ ከበሮው ከየአቅጣጫው ይሰማል። ለእናቴ ሽቶ ሽቶ የሚል ሳሙና፣ ለእኔ በጋዜጣ የተጠቀለለ ተምር አምጥቶልናል። ለራሱ ደግሞ ሰፊ ማሰሪያ ያለው የእጅ ሰዓት ገዝቶ፣ ሰው እንዲያይለት እጅጌውን ሰብስቦ ይሄዳል። ከስቶና ጠቁሮ ነበር፤ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። እናቴ ዶሮ አረደችለት። በማግስቱ ጎረቤቱ እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ሲመጣ ግን ያገኘው አልጋ ላይ ነው።

ትኩሳቱ እስከዚያን ጊዜ ካየሁት ትኩሳት ሁሉ ይለያል። ዓይኑን ወደ ጎን ማዞር ያቅተዋል፤ ከዓይኔ ጀርባ የሚጫነኝ ነገር አለ ይላል። ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ የጣቶቹን መጋጠሚያ ሳይቀር ይዞ ያቃስታል። አመመኝ አይልም፤ "አጥንቴን እየሰበሩት ነው" ነው የሚለው። ወደብ ላይ ብዙ ሠራተኛ በዚህ እንደወደቀና የዚያ አገር ሐኪም ዴንጊ እንዳለው ነገረን። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደሙን አይተው ወባ የለበትም አሉ። ሐኪሙ ዴንጊን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ እንዳላየው ሳያፍር ነገረኝና አስፕሪን እንዳንሰጠው፣ ውኃ በብዛት እንዲጠጣ፣ ደም ካየንበት ሳንውል ሳናድር እንድናመጣው መከረን። ቤት መልሰን ተልባና አጥሚት እያፈራረቅን እናጠጣው ጀመር።

አንድ ቀን ወደ ማታ የኔታ ሊጠይቁት መጡ። የኔታ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ያስተምራሉ። ለዘመድ ሠርግ መጥተው ቢቸና ሰንብተው ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ጸሎት ካደረሱለት በኋላ ልየው ሸለብ ሲያደርገው እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"በይ እንግዲህ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጤፌን እየሸጥኩ ያስተማርኩሽ ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ልጄን ምንድን ነው የያዘው?"

"ከትንኝ የመጣ ነው፣ እማዬ። ቫይረስ ይባላል።"

እዚያው ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ተጠይቄ ዝም የምል ሰው አልነበርኩም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ መምህራችን ክፍሉን አጨልመው ሁለት ፎቶግራፎች ግድግዳው ላይ አሳይተውን ነበር። አንደኛው በብልቃጥ ውስጥ ያደጉ የትንኝ ሕዋሳት ነው፤ ሁለተኛው የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቫይረስ ተጨምሮባቸዋል። የጦጣዎቹ ብል እንደበላው ነጠላ ተበሳስተዋል፤ ገሚሱ አብጦ፣ ገሚሱ ፈንድቶ፣ ከብልቃጡ እየተላቀቀ ይንሳፈፋል። የትንኞቹ ግን ምንም አልሆኑም። ቫይረሱ ውስጣቸው ሞልቶ እነሱ ይመገባሉ፣ ይከፈላሉ፣ ይራባሉ። ትንኟ ቫይረሱን ፈጽማ አታጠፋውም፤ ልክ አብጅታለት እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አብራው ትኖራለች። የእኛ አካል ግን እንዲህ ያለ እንግዳ አያስተናግድም፤ ወይ ያሸንፋል ወይ ይፈርሳል። ይህን ሁሉ የውኃ ብርጭቆ አንሥቼ ብልቃጥ እንዲህ ነው እያልኩ ለእናቴና ለየኔታ አስረዳኋቸው።

እናቴ እስክጨርስ በጥሞና ሰማችኝ።

"ቢንቢዋን አያማትም?"

"አያማትም።"

"ተሸክማው እየዞረች?"

"እስክትሞት ድረስ ተሸክማው ትዞራለች።"

"ሰው ላይ ሲሆን ግን አጥንት ይሰብራል። ጦጣዋስ ምን አድርጋ ነው?"

"ጦጣ ከእኛ ወገን ናት እኮ፣ እማዬ።"

"ጦጣስ ሰው ልምሰል ስትል ነው" አለችና ወደ የኔታ ዞረች። "ሰሙልኝ፣ የኔታ? ቢንቢን የማይነካ፣ ሰውን ብቻ ለይቶ የሚሰብር። ይህ የመርፌ ነገር ነው?"

የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡ። "ትንኝ ለባዊት፣ የምታስተውል ነፍስ የላትም" አሉ በመጨረሻ። "ጽድቅም ኃጢአትም አይጻፍባትም። መከራ የሚጎበኘው ሰውን ነው።"

"የኔታ፣ እኔ የማወራው ስለ ነፍስ አይደለም፤ ስለ ሕዋስ ነው" አልኳቸው።

"ሕዋስማ እኛም እናውቃለን፤ አምስት ናቸው" አሉኝ ፈገግ ብለው።

እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የሰማችውን በራሷ መንገድ እያገጣጠመች ነበር። ጥር አሥራ ስምንት ሰባረ አጽሙ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥንት ተፈጭቶ፣ በተራራ ላይ ተበትኖ፣ ሰማዕቱ እንደገና የተነሣበት መታሰቢያ። አጥንት የሚሰብር ሕመም፣ ሰውን ብቻ መርጦ የሚይዝ፣ ያውም በዚህ ሰሞን የመጣ፤ ለእሷ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ትንኟ አትታመምም ብዬ ባስረዳሁት መጠን ነገሩ ከሐኪም እጅ እየወጣላት ሄደ። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋችና ፊቷን ወደ ሞጣ ጊዮርጊስ አዞረች።

"ጊዮርጊስ ሆይ፣ አጥንትህ ተፈጭቶ፣ ተበትኖ የተነሣህ፣ የልጄን አጥንት ሰብስብልኝ። ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት እኔም ልጄም እህልም ውኃም ሳንቀምስ ሞጣ ደጅህ እንደርሳለን። ጃንጥላም አገባልሃለሁ።"

የኔታ ቀና ብለው አዩዋት።  የእናት ስለት ላይ አፍ ማስገባት ቀላል አይደለም። በነጋታው ወደ ደብረ ወርቅ ተመለሱ።

ትኩሳቱ የለቀቀው የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ የእናቴ እልልታ ቀሰቀሰኝ። ልየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ግንባሩን ብነካው ቀዝቅዟል። ጎረቤቱ እየገባ እንኳን ማረልሽ ይላታል። እኔ ግን ደስታው አልገባ አለኝ። መጽሐፌ ላይ በዚህ በሽታ የሚያሰጋው ትኩሳቱ ሳለ ሳይሆን ትኩሳቱ ሲለቅ ነው የሚል ነገር ማንበቤ ትዝ እያለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ ሰውዬው ዳንኩ ሲል ውስጡ ይደርቃል። ለእናቴ ይህንኑ ነገርኳት፤ ቢያንስ ውኃ ጠጥቶ፣ ጤና ጣቢያ ታይቶ እንሂድ አልኳት።

"ሲታመም ታመመ አልሽ፤ ሲድን ደግሞ ሊሞት ነው ትያለሽ? አንቺ መቼ ነው ደስ የሚልሽ?"

"ደስታ አይደለም፣ እማዬ። ውኃ ብቻ ይጠጣ።"

"የተሳልኩት ውኃም ነው" አለችኝ። በሩ ላይ ቆሞ የሚሰማን ልየው፣ "ተይ፣ ስንዱ፤ ለአንድ ቀን አልሞትም" አለ። እሱም እንደ እሷ ቆርጧል። እኔ ስኳርና ጨው የበጠበጥኩበት ውኃ በፔርሙዝ ሞልቼ በነጠላዬ ሥር ያዝኩ።

አውቶቡሱ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ሹፌሩ ደግሞ ሠርገኞች ሊሳፈሩ ነው ብሎ እስከ እኩለ ቀን አቆመን። የጥር ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለች፣ ሸንኮራና ብርቱካን የሚሸጡ ልጆች በመስኮት እየተንጠለጠሉ፣ ውስጡ የሰው ላብና የጤፍ ጆንያ ይሸታል። ልየው በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለ ሰውዬ ብርቱካን ይልጥ ጀመር። ወንድሜ ልጣጩ እየተጠቀለለ ሲወርድ አፍጥጦ ሲያይ አየሁት። እናቴም አየችው፤ ጃንጥላውን የጠቀለለችበትን አዲስ ጨርቅ አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ወደ ውጭ አዞረች። የእሷም ከንፈር ደርቋል።

መንገድ ስንጀምር ሰዓቱን አላልቶ የእጁን አንጓ ሲያሻሽ አየሁት። ማሰሪያው በነበረበት ዙሪያ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። በጣቴ ብጫናቸው አልደበዝዝ አሉ።

"እማዬ፣ ይህ ደም ነው" አልኳት።

"የአውቶቡስ ቁንጫ ነው" አለችኝ ሳታይ።

የዚያን ቀን መንገድ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከግራና ከቀኝ ጥቁሩ አፈር ላይ የሽምብራው ማሳ ገና አልተነቀለም፤ አለፍ ሲል የተቆለለ ጭድ፣ ከዚያ ሰው የማይኖርበት የሚመስል ገላጣ ሜዳ። አቧራው በተሰበረው መስኮት እየገባ ሁላችንንም አንድ መልክ አድርጎናል። ሠርገኞቹ ከኋላ ይዘፍናሉ፤ ለበዓሉ የሚሄዱ ሴቶች ከፊት ይዘምራሉ፤ ሹፌሩ ሁለቱንም ለማሸነፍ ጥሩንባውን ይነፋል። በሌላ ቀን ቢሆን ስንስቅ እንውል ነበር። ልየው ግን ሆዱን ይዞ ወደ ፊት ጎበጠ። እጁን ብይዘው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የእጅ ትርታውን ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ቆየሁ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ አውቶቡሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። ልየው ልውረድ አለ። ደግፈን አወረድነው፤ ከአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ሥር እንደተቀመጠ አስታወከ። ከዚያ አፍንጫው ደማ። ብዙ አልነበረም፤ ቀጭን መስመር ሆኖ ወደ ከንፈሩ ወረደና በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ፔርሙዙን አወጣሁ።

"አልጠጣም" አለኝ።

"ልየው፣ ውስጥህ እየደረቀ ነው። ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስልህ።"

"ስለቱን አላፈርስም።"

"አንተ አልተሳልክም፤ የተሳለችው እማዬ ናት።"

ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቤት ከገባ ጀምሮ ያልነገረንን ነገረን። "የከድርን ነገር አልነገርኳችሁም። የወሎ ልጅ ነው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ነበር የምንተኛ። እኔ ልመጣ ስል እሱ ታመመ። እንደኔው ነው፤ አጥንቴ፣ አጥንቴ ሲል ሰነበተ። አንድ ቀን ጠዋት በረደለት። ተነሣ፣ ታጠበ። ሻይ በዳቦ በላ፣ ሳቀ፣ ነገ ሥራ እገባለሁ አለ። ያኑ ዕለት ማታ ሞተ።" ዓይኑን ፔርሙዙ ላይ ተከለ። "እህል ስለቀመሰ ነው። እኔ ስለቱ ባይከለክለኝ እስካሁን በልቼ ነበር። አትንኪኝ።"

"ሻዩ አይደለም የገደለው። ሳይጠጣም ሊሞት ነበር፤ እንዲያውም ቀደም ብሎ በብዛት ጠጥቶ ቢሆን..."

"አንቺ አላየሽውም" አለኝ።  እሱ ያየው በዓይኑ ነው፤ እኔ ያለኝ ፎቶግራፍ ነው።  ፔርሙዙን ይዤ ቆምኩ።

ይህን ጊዜ እናቴ ጃንጥላውን እንደታቀፈች ቀረብ አለችው።

"በረደለት ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"ከበረደለት በኋላ ነው የሞተ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

ወደ እኔ ዞረች። "አንቺም ጠዋት ይህንኑ አልነበር ያልሽኝ?"

"ይህንኑ ነው ያልኩሽ።"

እናቴን በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ስትቆጣ፣ ስታለቅስ፣ ስትስቅ አይቻታለሁ። ፈርታ ያየኋት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። የፈራችው የልጇን ሞት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ሰማዕቱ ደጅ እየሄደች ከመንገድ ልትመለስ መሆኑንም ታውቃለች። ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። አቧራው ላይ ቁጭ አለችና ፔርሙዙን ከእጄ ወሰደች። በክዳኑ ሞልታ ቀዳችና ሳታቋርጥ ጨለጠችው።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?" አለ ልየው።

"የተሳልኩም እኔ፣ ያፈረስኩም እኔ። አንተ ከአሁን ወዲያ የምታፈርሰው ስለት የለህም።" ዳግመኛ ቀዳችና አፉ ላይ ደገነችው። "ጠጣ።"

"ጊዮርጊስስ?"

"የሚጠይቀው እኔን ነው። ጠጣ ብዬሃለሁ።"

ጠጣ። ጥርሱ ከክዳኑ ጋር እየተጋጨ፣ ግማሹ በአገጩ እየፈሰሰ ጠጣ። የሆነውን የሚያዩ ሠርገኞች ዘፈናቸውን አቁመው ወረዱና ጋቢውን አራት ሆነው ይዘው፣ ልየውን አስተኝተው ጤና ጣቢያ አደረሱልን። ከዚያም ይቅርታ እየጠየቁን ሙሽራቸውን ተከትለው ሄዱ።

ጤና ጣቢያው ግሉኮስ ሰቀለለት። ክንዱ ላይ የደም ሥር ለማግኘት ተቸግረው ነበር። ጠብታው ሲወርድ እያየሁ ያ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ በሥጋዬ ገባኝ። የወንድሜን የደም ሥሮች ያሳሳቸው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጥፋት ያደረሰው ሊያድነው የተነሣው የገዛ አካሉ ነው፤ ጠላቱን አሳድዳለሁ ብሎ ቤቱን ያፈርሳል። ትንኟ እንዲህ አታደርግም፤ ስለዚህ ትኖራለች። ቀና ስል እናቴ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ የልጇን እግር በሁለት እጇ ታሻለች። ይህን ሐሳቤን አልነገርኳትም።

የኔታ ሰምተው ከትምህርት ቤታቸው እየሮጡ መጡ። ስለት በሕመም ምክንያት ሲስተጓጎል ሥርዓት እንዳለው፣ ከንስሐ አባቷ ጋር እንደሚያልቅ ብዙ አስረዷት። እሷ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለእሱ ነው የሚፈታለት ወይስ ለእኔም ነው?" የኔታ "ለሁለታችሁም" አሉ። አንገቷን ደፋች እንጂ አላመነችም። በማግስቱ የበዓሉ ተጓዥ በመኪና ተጭኖ ወደ ሞጣ እየዘመረ ሲያልፍ ወደ መንገዱ አልዞረችም። ልየው ግን በዚያ ቀን ሽንት ሸና፣ እጁ ሞቀ፣ ቀስ በቀስም ነፍስ ዘራ።

ቢቸና ከተመለስን በኋላ ጃንጥላውን ወደ ሞጣ በሚሄዱ ሰዎች ላከችው። "ጃንጥላው ይላካል፤ ሌላው አይላክም" አለችኝ። ልየው ሲያገግም ጅቡቲ ልመለስ አለ። እኔ ይህ በሽታ በሌላ ዓይነቱ ሁለተኛ ሲይዝ ሊከፋ እንደሚችል አንብቤ ስለነበር ተቃወምኩት፤ እናቴ ደግሞ ጠባቂ እንደሌለው ስለምታምን እግሩ ላይ ወደቀች። በሁለት ምክንያት አንድ ቃል የተናገርነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀረ።

ከሁለት ክረምት በኋላ እናቴ ሐምሌ ውስጥ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሳንባዋ ላይ ወረደ። መርፌውንም ተወጋች፣ ሁሉም ተደረገ፤ ዕድሜዋም ገፍቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ልየው መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንድቀርባት ጠቀሰችኝ።

"ልየው በምን ሞተች ሲልሽ በሳንባ ነው በይው።"

"በሳንባ እኮ ነው የታመምሽው፣ እማዬ።"

"እሱን ነው የምልሽ። እንዲሁ አድርገሽ ንገሪው፤ አንቺ የተማርሽ ስለሆንሽ ያምንሻል።" እጄን በዚያ በደከመ እጇ መታ መታ አደረገችው። ፊቷ ላይ ቅሬታ አላየሁም። የጠበቀችው ሰው ዘግይቶም ቢሆን የመጣላት ትመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየችም።

ባለፈው ሳምንት ከጎሚስታው ቤት ደጃፍ ተነሥቼ ወደ ልየው ወፍጮ ቤት ጎራ አልኩ። ዛሬ ጸጉሩ ነጥቷል፤ ዱቄቱ ይሁን ዕድሜው መለየት ያስቸግራል። የልጅ ልጁ ጆንያው ላይ ተኝታለች። ስለ ጎማው ነገርኩትና አብረን ሳቅን። ከዚያ ወፍጮውን አጥፍቶ፣ በየዓመቱ አንዴ ሁለቴ እንደሚያደርገው ጠየቀኝ።

"ስንዱ፣ እማዬን የገደላት ግን ምን ነበር?"

"የሳንባ ምች" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

እውነቴን ነው። ሐኪሙም ያለው እሱን ነው፣ እኔም ትንፋሿን ሰምቻለሁ፣ ያስተማርኩት ትምህርት ሁሉ ይህንኑ ይመሰክራል። እናቴ ግን ስለቱ እንደጠየቃት አምና፣ ይህን እውነት የሰጠችኝ ልጇን እንዳታልልበት ነው። ስለዚህ በነገርኩት ቁጥር እንደ ውሸታም ዓይኑን ሸሽቼ ነው የምነግረው፤ እሱም ያን እያየ ነው እንደገና የሚጠይቀኝ።